ተመሳሳይ የውሃ ቀንድ አውጣዎችን ለይቶ መሰየም፦ ከቦርከና ዳር እስከ ላብራቶሪ ጠረጴዛ

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። የስልክ ፎቶ ይላካል። ፎቶው ላይ አንዲት ቡናማ ነገር መዳፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከሥሯ «ይቺ ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ናት አይደል?» ይላል፤ ቢልሃርዚያ የምታስተላልፈዋን የውሃ ቀንድ አውጣ ማለቱ ነው። መጠኗን የሚያሳይ ነገር የለም። አፏ በየት በኩል እንደሆነ አይታይም። ከየትኛው ውሃ እንደተያዘች አልተጻፈም። በእንዲህ ያለ ፎቶ ዝርያ የሚናገር ሰው ካለ ገምቶ ነው።

ችግሩ የዓይን አይደለም። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው ማይክሮስኮፕ ሥር ከመቀመጣችሁ በፊት ነው፦ ስትለቅሙ፣ ስትገድሉ፣ መለያ ስትጽፉ። የቀረው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ማስረጃው ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች የጋራ ስም) ድረስ ብቻ እያደረሰ ሙሉ ስም ካልሰጠሁ ሞቼ እገኛለሁ ማለት። ባዮሎጂ፣ ጤና ወይም እንስሳት ሕክምና የምታጠኑ ከሆናችሁ፣ ወይም ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ሳትዘሉ ሂዱበት።

ደረጃ 1፦ ዕቃችሁን ቀድማችሁ አሰናዱ

ወንዝ ዳር ደርሶ «እርሳስ ያለው ሰው?» ማለት ያስተዛዝባል። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- ረጅም እጀታ ያለው የብረት ወንፊት። የገበያ ወንፊት ከመጥረጊያ እንጨት ጋር በሽቦ ቢታሰርም ይሠራል።
- እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ጫማ፣ እስከ ክርን የሚደርስ የላስቲክ ጓንት።
- ጫፉ ለስላሳ የሆነ ወረንጦ፣ ነጭ የፕላስቲክ ትሪ፣ ጥጥ።
- ክዳን ያላቸው ትናንሽ ዕቃዎች። ክዳናቸውን በመርፌ ብሱት።
- ኢታኖል አልኮል፦ 96% እና 70%።
- እርሳስ፣ ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ካሊፐር፣ የግራፍ ወረቀት።

ከፋርማሲ የሚገዛው 70% አልኮል የሰውነት ክፍሎችን ለማየት ይበቃል። ዲኤንኤ ለማውጣት ግን 95% ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። 96% ብቻ ካላችሁና 70% ከፈለጋችሁ 70 ሚሊ ሊትሩን ወስዳችሁ 26 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምሩበት። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም። ፎርማሊንም አታምጡ፤ ዲኤንኤውን ያበላሻል፣ አሲድነት ያለው ከሆነ ደግሞ ዛጎሉን ራሱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሳታነቡ ውሃ አትንኩ

የምትፈልጓት ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ የምታስተላልፈው ራሷ ናት። ከእሷ የሚወጣው እጭ፣ ሰርካሪያ የሚባለው፣ በዓይን አይታይም፤ ቆዳ በስቶ ለመግባትም ደቂቃዎች ይበቁታል። ስለዚህ ባዶ እጅና ባዶ እግር ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን። ጓንት ተቀዶ ውሃ ከነካችሁ ወዲያው በፎጣ አሽታችሁ አድርቁና 70% አልኮል ቀቡበት። ይህ ዋስትና አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሁኔታውን ተናገሩ። የሰገራ ምርመራ በማግስቱ ማድረግ ትርጉም የለውም፤ እንቁላሉ ሰገራ ውስጥ ለመታየት ሳምንታት ስለሚፈጅ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ተመርመሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በተደጋጋሚ አይቼዋለሁ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሲያዩዋችሁ ይመጣሉ፣ «እኛ እንልቀምላችሁ» ይላሉ። በብስኩትም በብርም ልጅ ውሃ ውስጥ አታስገቡ። ነውር ነው።

ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ

ክረምት አትውጡ። ጎርፍ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል፣ ብታገኙም ከየት እንደመጡ አታውቁም። ጥቅምት ካለፈ፣ ውሃው ከሰከነ በኋላ ይሻላል።

ቦርከና ላይ ስትሄዱ የሚንደረደረውን ክፍል ተዉት። ውሃው የተኛበትን፣ ሣርና ቅጠል ያለበትን ጥግ፣ የመስኖ ቦዩን፣ ድልድይ ሥር ያለውን ኩሬ ፈልጉ። ኮምቦልቻ ላይ ወርቃና ለዮሌ የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚገባባቸው ከፍሳሹ በላይና በታች ለየብቻ ልቀሙ፤ ሁለቱን አንድ ዕቃ ውስጥ ከቀላቀላችሁ ውጤታችሁ ምንም አይናገርም። ሐይቅና አርዲቦ ከሄዳችሁም እንደዚያው፣ ዳሩን እና ወደ ሐይቁ የሚገባውን ጅረት ለያዩ።

ውሃ ዳር ያገኛችሁትን አዛውንት ሰላም ብላችሁ ጠይቁ። «አባባ፣ ይቺ ቦይ በበጋ ትደርቃለች?» «ልብስ በእንዶድ የሚያጥብ ሰው አለ?» የመጀመሪያው ጥያቄ የሚደርቅና የማይደርቅ ውሃ የተለያየ ዝርያ ስለሚያኖር ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዶድ ቀንድ አውጣ ስለሚገድል ነው፤ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋለው ይህንኑ ነበር። ማጠቢያው ታች ባዶ ዛጎል ብቻ ካገኛችሁ «ዝርያው እዚህ የለም» ብላችሁ አትጻፉ። ወደ ላይ ውጡና እንደገና ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ልቀሙ

1. ወንፊቱን ከቅጠሎቹ ሥር አስገብታችሁ ወደ ላይ ጎትቱ። ጭቃውን ከስሩ አትቆፍሩት።
2. ነጩ ትሪ ላይ ገልብጡ። ትንሽ ጠብቁ፤ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ።
3. በወረንጦ አንሡ። ዛጎሉን ጨምቃችሁ አትያዙ፣ አፉ ላይ ያለው ጠርዝ ይሰበራል፣ የምትለኩት ደግሞ እሱን ነው።
4. ከአንድ ቦታ ከ20 እስከ 30 ያህል ያዙ። ትንሹንም ትልቁንም።

አራተኛው ላይ ሰው ይሰንፋል። «ሦስት ጥሩ ጥሩ መርጫለሁ» ይላል። የቀንድ አውጣ ዛጎል በውሃው ፍጥነት፣ በምግቡ፣ በውሃው ውስጥ ባለው ካልሲየም ይለዋወጣል። የአንድ እናት ልጆች ሁለት ቦታ ቢያድጉ ሁለት ዝርያ ሊመስሉ ይችላሉ። ሦስት ብቻ ከያዛችሁ ልዩነቱ የዝርያ ይሁን የኑሮ መለየት አትችሉም።

ስታጓጉዙ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ጥርቅም አታድርጉ። በሚኒባስ እየተናጡ ሀረጎን ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ግማሾቹ ሞተው ታገኛላችሁ። በእርጥብ ጥጥ ወይም በራሱ በውሃው ቅጠል ጠቅልላችሁ፣ ክዳኑ በተበሳ ዕቃ፣ ጥላ ውስጥ አድርጉ። ቤት ስትደርሱ በቀጥታ የቧንቧ ውሃ ላይ አትጨምሯቸው፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ ውሃውን ቀድማችሁ ቀድታችሁ አንድ ቀን ክፍቱን አሳድሩት።

ደረጃ 4፦ መለያውን እዚያው ጻፉ

«ማታ እጽፈዋለሁ» የተባለ መለያ አይጻፍም። በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ወረቀቱን ዕቃው ውስጥ አስገቡት፣ ውጪ ብቻ የተለጠፈ ይላቀቃል። የሚጻፈው፦ የቦታው ስም፣ የስልካችሁ የጂፒኤስ ቁጥር፣ የውሃው ዓይነት፣ ከፍታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የለቃሚው ስም፣ ተከታታይ ቁጥር።

ቀኑ ላይ ጥንቃቄ። «12/3/2016» ብሎ የተጻፈ መለያ የማን አቆጣጠር ነው? የእኛ ከሆነ ኅዳር 2016 ነው፤ የፈረንጅ ነው ብሎ የሚያነብ ሰው ሰባት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ወሩን በፊደል ጻፉ፣ ከጎኑ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ። ሰዓቱም እንደዚያ። «5 ሰዓት» ብቻ ብትሉ የውጭ አንባቢ ማለዳ ይመስለዋል፤ «ከጠዋቱ 5 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» በሉ።

መለያ የሌለው ናሙና ከተገኘ ምን ይደረጋል? ይጣላል። ያማል፣ ግን ይጣላል። በግምት የተጻፈ ቦታ ከመጥፋቱ ይብሳል።

ደረጃ 5፦ በሕይወት እያሉ እዩአቸው

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው በኋላ ይጸጸታል። ሲሞቱ የሚጠፉ ምልክቶች አሉ።

አንዷን በጠራ ውሃ ውስጥ አድርጉና ዝም በሏት። ደቂቃ ሳይሞላ ትወጣለች። ቀንዶቿን እዩ፦ ቀጭንና ረጅም ናቸው ወይስ ሰፋ ያሉ ሦስት ማዕዘን? ዓይኗ የት ነው፣ ቀንዱ ሥር ወይስ ጫፉ ላይ? ከዛጎሉ ጠርዝ ወጥቶ ዛጎሉን ከውጪ የሚያቅፍ ጣት የመሰለ ሥጋ አለ? ከዚያ እግሯን በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጉ። ባዮምፋላሪያና ሌላዋ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቡሊነስ ሄሞግሎቢን (ደም የሚያቀላው ነገር) ስላላቸው የሚወጣው ፈሳሽ ቀይ ነው። ቡሊነስን በምትመስለው ፊዛ ላይ ይህ ቅላት የለም። ይቺ ትንሽ ነገር ብዙ ጭቅጭቅ ትገላግላለች።

ሰርካሪያ ታወጣ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ እያንዳንዷን ለብቻዋ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ በንጹሕ ውሃ አስቀምጧትና ብርሃን ላይ አውሉ። የሺስቶሶማ ማንሶኒ (የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል) እጭ በብዛት የሚወጣው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ በመሆኑ ማታ ማየት ከንቱ ነው። ጅራቱ ሹካ የመሰለ ከሆነ ተጠንቀቁ። ግን ሹካ ጅራት ያለው ሁሉ የሰው ቢልሃርዚያ አይደለም፤ የከብትና የወፍ ዘመዶቹም እንዲሁ ናቸው። ምንም ካልወጣም ነጻ ናት ማለት አይደለም፣ እጩ ገና አልደረሰ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ አዝናኑ፣ ግደሉ፣ አቆዩ

በሕይወት እያለች አልኮል ውስጥ ከተጣለች ጥቅልል ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ በኋላ ዛጎሉን ሳትሰብሩ አታወጧትም። ስለዚህ፦

1. ውሃው ላይ ጥቂት የሜንቶል ክሪስታል በትኑ፣ ክደኑትና አሳድሩት።
2. ጠዋት እግሯን በመርፌ ነካኩ። ከተኮማተረች ገና ነው። የደሴ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ኮምቦልቻ ከሚወስደው በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ጠብቁ።
3. ጭራሽ የማትንቀሳቀስ ስትሆን 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ45 ሴኮንድ ያህል ንከሯት። የሚፈላ ውሃ አይደለም። ቴርሞሜትር ተጠቀሙ።
4. እግሯን በወረንጦ ይዛችሁ የዛጎሉን ጥምዝ ተከትላችሁ እየዞራችሁ ሳቡ። ሥጋው ሙሉውን ይወጣል።
5. ዛጎሉን አድርቁ፣ ሥጋውን አልኮል ውስጥ አድርጉ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍ።

የአልኮሉ መጠን ከሥጋው አሥር እጥፍ ይሁን፤ በማግስቱ ደፍታችሁ በአዲስ ቀይሩት፣ ከሥጋው የወጣው ውሃ ስለሚያቀጥነው። ሥጋው መሃል ላይ ከተቆረጠ አትደንግጡ። የፊተኛው ክፍል ከወጣላችሁ የምትፈልጉት አብዛኛው እሱ ጋ ነው። ሜንቶል ካላገኛችሁ በቀጥታ ወደ 70 ዲግሪው ሂዱ፤ ሥጋው ትንሽ ይኮማተራል፣ ግን ይወጣል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ቢቆምስ? አልኮል ውስጥ ላለ ናሙና ችግር የለውም። በሕይወት ያሉትን ግን ያው ቀን ጨርሷቸው።

ደረጃ 7፦ ፎቶና ልኬት

ዛጎሉን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ግራፍ ወረቀት ላይ አስቀምጡና አፉ ወደ እናንተ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ አንሡ። ከዚያ ጀርባውን፣ ጎኑን፣ ከሥር። ጠፍጣፋ ከሆነ ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን።

የስልኩን የፊት ካሜራ አትጠቀሙ። አንዳንዱ ስልክ ምስሉን እንደ መስታወት ይገለብጠዋል፣ ግራ የዞረው ቀኝ ይሆናል፣ በአንዲት ፎቶ ምክንያት ከቤተሰብ ቤተሰብ ትሻገራላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፎቶው ውስጥ ሁልጊዜ የተጻፈ ቁጥር ይኑር። ጽሑፉ በትክክል ከተነበበ ምስሉ አልተገለበጠም።

ጫፍ ያለውን ዛጎል ቁመት፣ ስፋት፣ የአፉን ቁመትና ስፋት ለኩ። ጠፍጣፋውን ትልቁን ዲያሜትር፣ ውፍረቱን፣ የእምብርቱን (መሃሉ ላይ ያለውን ጉድጓድ) ስፋት። የጥምዙን ቁጥርም ጻፉ። ዋናው ነገር ጥምርታው ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 9.2 ሚሊ ሜትር፣ አፉ 4.1 ከሆነ 0.45 ይመጣል፤ ሌላው 14 ሆኖ አፉ 10.5 ከሆነ 0.75 ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ዝርያ የመሆን ዕድላቸው ጠባብ ነው። ጠርዙ የተሰበረውን አትለኩ፣ «ወደ አምስት ይሆናል» የሚባል ልኬት የለም።

ደረጃ 8፦ ጂነስ ድረስ ለዩ

በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ፣ ሳትዘሉ፦

1. ወደ ውስጥ ስትገባ አፏን የሚዘጋ ጠንካራ ክዳን አላት? ካላት እንደ ሜላኖይደስ ያለች ናት። ለብቻ አስቀምጧት፣ ይህ መመሪያ ስለ እሷ አይደለም።
2. ክዳን ከሌላት ዛጎሉ ጠፍጣፋ ጥቅል ነው ወይስ ጫፍ ያለው? ጠፍጣፋ ከሆነ ወደ 5 ሂዱ።
3. ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እናንተ ያዙ። አፉ በቀኛችሁ በኩል ከሆነና ቀንዶቿ ሦስት ማዕዘን ሆነው ዓይኗ ሥራቸው ላይ ካለ የሊምኔያ ቤተሰብ ናት። ዓይኗ ረጅም ቀንድ ጫፍ ላይ ከሆነ የየብስ ቀንድ አውጣ ናት፣ እርጥብ ዳር ላይ የምትኖር፤ ተዉአት።
4. አፉ በግራችሁ ከሆነ ወይ ቡሊነስ ወይ ፊዛ ናት። ቀይ ፈሳሽ ካለ ቡሊነስ። ዛጎሉ የሚያብረቀርቅ፣ ፈሳሿ ቀይ ያልሆነ፣ ጣት የመሰለ ሥጋ ዛጎሉን የሚያቅፍ ከሆነ ፊዛ።
5. ጠፍጣፋ ሆኖ አዋቂ ስትሆን ዲያሜትሯ ከ7 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ከሆነ ባዮምፋላሪያን አስቡ። ትንንሾቹ የባዮምፋላሪያ ልጆችም የሌሎች ጠፍጣፋ ጂነሶች አዋቂዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። ዛጎሉን ወደ ብርሃን ያዙት፤ ውስጡ ነጭ ግድግዳዎች ከታዩ ሴግመንቶርቢስ ናት።

የብዙ ሰው ጽሑፍ የሚበላሸው አራተኛው ላይ ነው። ፊዛ አኩታ ከውጭ የገባች፣ በቆሸሸ ውሃ ውስጥም የምትበረታ ናት። ከተማ ውስጥ ካለ ቦይ «ቡሊነስ አገኘሁ» የሚል ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ደሟን አይተሃል ወይ ብዬ ነው።

ደረጃ 9፦ ዝርያውን ለዩ፣ ካልቻላችሁ አቁሙ

*ሊምኔያዎች።* ከጉበት ትል ጋር ስለሚገናኙ እንስሳት ሕክምና ላይ ያላችሁ በዚህ በኩል ትመጣላችሁ። ጋልባ ትሩንካቱላ ትንሽ ናት፣ ጥምዞቿ ክብ ክብ ብለው ደረጃ ይሠራሉ፣ አፏ ከቁመቷ ግማሽ ገደማ ነው፣ የምትገኘውም ውሃው ዳር ጭቃው ላይ ነው። ራዲክስ ናታለንሲስ ትልቅ ናት፣ አፏ የዛጎሉን አብዛኛውን ክፍል ይይዛል፣ የማይደርቅ ውሃ ትወዳለች። የመጀመሪያዋ የደጋ፣ ሁለተኛዋ ይበልጥ የቆላ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ ላይ ስለሆኑ በአንድ ቀን ጉዞ ሁለቱንም ልታገኙ ትችላላችሁ። ከፍታውን አይታችሁ ግን ዝርያ አትሰይሙ፣ ዛጎሉን አይታችሁ እንጂ።

*ባዮምፋላሪያ።* እዚህ የምትጠበቀው ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ናት። ዘመዷ ባዮምፋላሪያ ሱዳኒካ ጥምዞቿ በዛ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚሰፉ፣ ጠፍጠፍ ያለችና እምብርቷ ሰፊ ናት፤ አገራችን ውስጥ የምትታወቀው እንደ ዝዋይና አባያ ካሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው። ቦርከና ላይ «ሱዳኒካ» ብላችሁ ለመጻፍ ከፈለጋችሁ አንድ ሰፊ እምብርት አይበቃም። ሠላሳውንም ለኩ፣ የወንድ ብልቷን ሽፋኖች ርዝመት አወዳድሩ፣ ዲኤንኤ ጨምሩ።

*ቡሊነስ።* እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ቦርከና የአዋሽ ገባር ነው፣ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ቡሊነስ አቢሲኒከስ የሽንት ቢልሃርዚያ ታስተላልፋለች፤ ስለዚህ የስሙ ስህተት ጤና ነክ ስህተት ነው። መጀመሪያ ቡድኑን ለዩ። ሥጋውን ከፍታችሁ ኩላሊቱ ላይ በቁመት የሚሄድ ሸንተረር ካለ የአፍሪካነስ ቡድን ናት። ከሌለ የትሩንካተስና የትሮፒከስ ቡድን ልትሆን ትችላለች። ትሩንካተስና ትሮፒከስ በዛጎል አይለዩም ማለት ይቻላል፤ ትሮፒከስ 36 ክሮሞሶም ሲኖራት ትሩንካተስ 72 አላት። ክሮሞሶም ካልቆጠራችሁ ወይም ዲኤንኤ ካልሠራችሁ ቡድኑን ጽፋችሁ አቁሙ።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፦ ቡሊነስ ትሩንካተስን ስትከፍቱ የወንድ ብልት ላይኖራት ይችላል። ቆርጬ ጣልኩት ብላችሁ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትፈልጉ። ብዙዎቹ ሲፈጠሩም የላቸውም። ሌላዋን ክፈቱ።

ቀለም ላይ አትመኑ። ዛጎል የሌላቸውን የባሕር ቀንድ አውጣዎች የሚያጠኑ ሰዎች ይህን በከባዱ ተምረዋል። ክሮሞዶሪስ የሚባለው ጂነስ ውስጥ ያሉት በደማቅ መስመሮቻቸው ነበር የሚሰየሙት፤ ዲኤንኤያቸው ሲታይ ግን አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው የተለያየ ዝርያ፣ የተለያየ ቀለም ያላቸው ደግሞ አንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። እነሱ የሚለኩት ዛጎል እንኳ የላቸውም። እኛ አለን፣ ግን ጭቃና አልጌ የቀባውን ቡናማ ቀለም እንደ ምልክት እንቆጥራለን።

ደረጃ 10፦ ዲኤንኤ ከላካችሁ

ከእግሯ ጫፍ ቁረጡ እንጂ ከኋለኛው ጥምዝ አይደለም። እዚያ ያለው እጢ የትል እጭ ስለሚሞላው የምታነቡት ዲኤንኤ የትሉ ሊሆን ይችላል። ዝልግልግ ፈሳሿ ፒሲአሩን (ዲኤንኤ የሚባዛበትን ሥራ) ያደናቅፋል፤ ላብራቶሪው ዲኤንኤውን ሲታብ በሚባለው ዘዴ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። የተለመደው ጂን ሲኦአይ ነው፣ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራባቸው የፎልመር ፕራይመሮች (ቅጂውን የሚያስጀምሩ አጫጭር ዲኤንኤዎች) 658 ቤዝ ያህል ይነበባል።

ውጤቱን ዳታቤዝ ላይ ስታወዳድሩ ከላይ የመጣውን የመጀመሪያ ስም ቀድታችሁ አትሩጡ። እዚያ የተከማቸውም በሰው የተሰየመ ነው፣ ስህተት አለበት። አሥሩንም እዩ፤ ስሞቹ ከተጋጩ ዛጎላችሁ የሚለውን ከነምክንያቱ ጻፉ።

ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ አስቀድማችሁ ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ አውጡ፤ ጉዳዩን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። ፖስታ ቤት ደርሶ መመለስ አልኮሉን ማትነን ነው።

ደረጃ 11፦ ስሙን በትክክል ጻፉ

በላቲን ፊደል ስትጽፉ የጂነሱ የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ፣ የዝርያው ትንሽ ይሁን፣ ሁለቱም ይዘንብሉ። የቤተሰብ ስም አይዘነብልም። ከስሙ ቀጥሎ ሰያሚውና ዓመቱ ይመጣል። ራዲክስ ናታለንሲስ (ክራውስ፣ 1848) ሲባል ቅንፉ ለጌጥ አይደለም፤ ክራውስ መጀመሪያ ሌላ ጂነስ ውስጥ አስገብቷት እንደነበር ይናገራል። ጂነሱ ካልተለወጠ ቅንፍ የለም። ሲለወጥ የዝርያው መጨረሻም በጾታ ይስማማል፦ ሙለር በ1774 እ.ኤ.አ. ቡክሲኑም ትሩንካቱሉም ያላት ዛሬ ጋልባ ትሩንካቱላ ናት።

ባዮምፋላሪያና ቡሊነስ ሁለቱም በላቲን በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። አንድ ጽሑፍ ውስጥ በነጠላ ፊደል ካሳጠራችኋቸው አንባቢ ይጠፋበታል። በሁለት ፊደል አሳጥሩ።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ የሚጻፍበት መንገድ አለ፣ አብሽሩ። ጂነሱን ብቻ ካወቃችሁ ጂነሱን ጽፋችሁ «ኤስፒ» (sp.) የሚለውን ምህጻር አስከትሉ። ዝርያዋን ትመስላለች ግን አላረጋገጥኩም ለማለት «ሲኤፍ» (cf.) በጂነሱና በዝርያው መሃል ይገባል። ትቀራረባለች ግን ሌላ ትመስለኛለች ለማለት «አፍ» (aff.) የሚለው አለ። በዚህ የሚያፍር ሰው አጋጥሞኛል። መምህሩም «ያልጨረስከው ነገር አለ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ያኔ የጎደለውን ማስረጃ በዝርዝር አሳዩት።

ደረጃ 12፦ «አዲስ ዝርያ አገኘሁ» ካላችሁ

አይመስለኝም። ግን ከሆነ፦ የእንስሳት ስያሜ ከ1758 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የቀደመ ስም ያከብራል፣ ስለዚህ ማንም እንዳልሰየማት ለማረጋገጥ የተረሱ ስሞችን ሁሉ መፈተሽ አለባችሁ። መግለጫው በአግባቡ መታተም፣ አንዷ ናሙና ዋና ማመሳከሪያ ተብላ መለየት፣ የምትቀመጥበት ተቋምም መጠቀስ አለበት። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ስም ስም አይደለም። በራሳችሁ ስም መሰየምን ሕጉ አይከለክልም፣ ይሉኝታ ግን ይከለክላል።

አዲስም ሆነች የታወቀች፣ ከእያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ዛጎልና ሥጋ ከነመለያቸው ለቋሚ ስብስብ ስጡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አንዱ ነው። ናሙናው ከሌለ ነገ ሌላ ሰው ስማችሁን የሚያጣራበት ነገር የለም።

የተረፉትን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች የሐይቁን ቦርከና፣ የቦርከናውን ሐይቅ ላይ አትድፉ። የፈላ ውሃ ጨምሩባቸው፣ ከዚያ ቅበሩ። ትሪውን፣ ወንፊቱንና ቦቲውን በበረኪና እጠቡና ፀሐይ ላይ አድርቁ፤ የውሃው ቅጠል ውስጥ የተጣበቀ እንቁላል ስላለ ቅጠሉንም አብራችሁ ቅበሩ።